ከሥሩ ላስቲክ የሌለው

ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ቀን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ካፖርት የለበሱት እኚህ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ካፖርቱ ጉልበታቸውን ያልፋል፤ ቁልፎቹ አንድ ሳይቀር ተቆልፈዋል። ወንበር ቢሰጣቸው "ቆሜ ይሻለኛል" አሉ።

የፈለጉት ዳይፐር ውስጥ የሚደረበውን ተጨማሪ ፓድ ነው። ሻጯ ሁለት ዓይነት አወጣችላቸው። ምስክር እንደሚመረምር ዳኛ ኮስተር ብለው፣ "ከሥሩ ላስቲክ አለው?" አሏት።

"ይኼኛው አለው አባባ፤ ሲሞላ በጎን ያፈሳል። ያኛው ግን የተረፈውን ወደ ዳይፐሩ ያሳልፋል።"

"ያኛውን ስጪኝ። ላስቲክስ ቤቴም ሞልቷል።"

ሻጯ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

"ከልጄ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም" አሉ፣ ፓኬቱን እያገላበጡ። "ለማንም አልናገርም ብላኝ ነበር፤ እውነትም አልተናገረችም። የባሏ ቤተሰቦች ሊጠይቁን መጥተው ልቀመጥ ስል፣ 'ቆይ አባዬ' ብላ ሶፋዬ ላይ ላስቲክ አነጠፈች። እዚያው ፊታቸው።"

"ለእርስዎ አስባ ይሆናላ።"

"ለሶፋው ነው ያሰበችው።"

ፓዱ በእግር ቤት እስኪደርሱ ይችል እንደሆነ ጠየቁ። "ከዚያም በላይ" አለቻቸው። የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ተቀብለው ገቡ፤ ሲመለሱ አመስግነዋት ወጡ።

ደጅ መኪና ቆሟል። መሪ የያዘችው ሴት "አባዬ፣ ግባ እንጂ!" አለቻቸው። የኋላውን በር ከፍተው መቀመጫውን አዩት። ላስቲኩ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሯል። በሩን ቀስ አድርገው መልሰው ዘጉትና፣ ጀርባቸውን አቅንተው በእግራቸው ሄዱ።