ከመሀለኛው ቅስት ሥር

እስጢፋኖስ ጦና በሶዶ ከተማ አርባ ዓመት የሠራ ግንበኛ ነው። ወደ ቤሌ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ ያለውን ባለ ሦስት ቅስት የድንጋይ ድልድይ ከላይ ስንት ጊዜ እንደተሻገረው አይቆጥረውም፤ ከሥሩ ገብቶ ግን አያውቅም ነበር። አዲሱ አስፋልት በሌላ በኩል ካለፈ ወዲህ ድልድዩ ላይ ሣር በቅሏል።

ባለፈው ዓመት አስፋልቱን የሚያሰፋው ተቋራጭ ከኮረብታው የሚቆርጠውን አፈር የሚደፋበት ሲያጣ የድልድዩን ሸለቆ መረጠ። ለወንዙ ቱቦ ተቀብሮለት ቅስቶቹ ይደፈናሉ ተባለ። እስጢፋኖስ ወሬውን ሲሰማ ያሰበው የቤቱን ደረጃ ነበር፤ ሳይደፈን ጥቂት ጥርብ ድንጋይ ልንቀል ብሎ መሮና መዶሻ ይዞ ወረደ።

ከመሀለኛው ቅስት ሥር ገብቶ ቀና ሲል ግን የመጣበት ጉዳይ ጠፋበት። ድንጋዮቹ እንደ ሽብልቅ ተጠርበው፣ አንዱ ሌላውን እየደገፈ ከራሱ በላይ ዞረው ተገናኝተዋል። ሲሚንቶ ፈለገ፤ የለም። በመገጣጠሚያቸው ቢላዋ እንኳ አይገባም። ግድግዳውን ሲዳብስ የጠራቢው መሮ የተወው ጭረት ከእጁ ገባ፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። ሰውዬው እንደ እሱ ግራኝ ነበር። ስሙን የሚያውቅ የለም። እስጢፋኖስ መዳፉን ከጭረቱ ላይ ሳያነሳ ብዙ ቆየ።

ማታ ለሚስቱ ለጣፈጠች፣ "ግንበኛ ነኝ ስል ኖሬ፣ ግንብ ያየሁት ዛሬ ነው" አላት።

ድልድዩ እንዳይደፈን የሚጠይቀውን ማመልከቻ እሷ ጻፈችለት። እሱ ደግሞ ከየግንባታው ቦታ የግንበኞችን ፊርማ ሰበሰበ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መራው፤ ሌላውም አገልግሎት ለማይሰጥ ድልድይ ምን አደከመህ አለው። በመጨረሻ የፕሮጀክቱን መሐንዲስ ማርያማዊትን አንድ ጊዜ ብቻ ወርደሽ እዪው ብሎ ለመናት። ምልልሱ ቢያሰለቻት በሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዝናብ መጣች።

ገና ከወንዙ ዳር እንደቆሙ ደጋው ላይ የዘነበው ውሃ ደረሰ። ግንድ ያዘለ ቀይ ጎርፍ የድልድዩን እግሮች መታ፤ ለሦስት ተሰንጥቆ በሦስቱም ቅስቶች እያጓራ አለፈ። የቆሙበት መሬት ተንቀጠቀጠ። ከድልድዩ ላይ አንዲት ጠጠር አልወደቀችም። ሁለቱም ዝናቡን ረስተው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

"ጋሼ እስጢፋኖስ፣ ይሄን ውሃ የእኛ ቱቦ የሚችለው ይመስልዎታል?" አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጄ።"

በማግስቱ ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ ለክታ ሪፖርት ጻፈች። ውሳኔው ግን ሁለት ወር ፈጀ፤ እስከዚያ ገልባጭ መኪኖቹ የምሥራቁን ቅስት ደፍነውታል። እንደተቀበረ ቀረ። ሁለቱ ተረፉ፤ ለጎርፉም በጎን ሰፊ ማስተንፈሻ ተቆፈረ።

በመስቀል ሰሞን ከአረካ የመጡ ግንበኞችን ይዞ ወረደ። መንገድ ላይ ሲያወሩ የነበሩት ሰዎች ከቅስቱ ሥር ሲደርሱ ቀና አሉ። በዕድሜ ትልቁ ባርኔጣውን አወለቀ። እስጢፋኖስም ምንም ሳያስረዳቸው አብሯቸው ቀና ብሎ ቆመ።