ምርቃቱ ለእትዬ፣ ዕዳው ለእኔ

ባለፈው ጥቅምት የወንድሜ ልጅ ደረጀ ሮቤ ውስጥ የተከፈተውን አዲስ ካፌ ካላሳየሁሽ ብሎ ይዞኝ ሄደ። ደረጀ ባንክ ይሠራል፤ ሻይ መጋበዝም ሰው ማረምም ይወዳል። ከጎናችን አንድ ሽማግሌ እንቁላል በዳቦ በልተው ሲጨርሱ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ቆም ብለው አሰቡና እንደገና ዳበሱ። ገበያ ውስጥ ተሰርቀዋል። ላባቸው ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ። ሥራ አስኪያጁ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ መጣና ትከሻቸውን ይዞ፣ «ምንም አይደል አባቴ፣ ይሂዱ» አላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። እኔም «ዛሬም እንዲህ ያለ ሰው አለ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌው በሩን እንዳለፉ ግን ሥራ አስኪያጁ ወደ አስተናጋጇ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከደሞዝሽ ላይ ይያዛል» አላት።

ልጅቷ የሽማግሌውን ሰሃን አንስታ ሄደች።

«ሰማህ የሚላትን?» አልኩት ደረጀን።

«አሠራር ነው አክስቴ። አስተናጋጅ ካልተጠየቀች ከደንበኛ ጋር እየተሻረከች ቤቱን ታራቁተዋለች» አለኝ፣ ስኳሩን እያማሰለ።

አሠራር። ይህችን ቃል ከሌላ አፍም ሰምቻታለሁ፤ ያኔም አንጀቴን አሳርራዋለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ጎባ የባሌ ዋና ከተማ ነበረችና መሥሪያ ቤቱም፣ ወታደሩም፣ ካድሬውም እዚያው ነው። እኔ ከጎሮ የመጣሁት ሥራ ፍለጋ ሲሆን ያገኘሁት ደግሞ ሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለ ምግብ ቤት አስተናጋጅነት ነው። ጎባን በነሐሴ ያላየ ብርድ አየሁ አይበል። ጉሙ ከሳነቴ ተራራ ተንከባሎ ይወርድና በቀትር ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰው ይሸፍነዋል። ከደሎ መና በአውቶቡስ የሚመጣው ቆላ የለመደ ሰው ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ይገባና መጀመሪያ የሚጠይቀው ምግብ ሳይሆን እሳት የት እንዳለ ነው። እኛም ወደ ወጥ ቤቱ በር እናስጠጋው ነበር።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ፈለቀች ይባላሉ። ሥራው በማርካ ነበር። ማርካ ማለት ከቆርቆሮ የተቆረጠች፣ ቁጥር የተመታባት ነገር ናት። ጠዋት እትዬ ለእያንዳንዳችን ቆጥረው ይሰጡናል። አንድ ሽሮ ሲታዘዝ አንድ ማርካ ለወጥ ቤት እንሰጥና ሽሮውን እንቀበላለን። ማታ ላይ ወጥ ቤት ለገባችው ማርካ ሁሉ ገንዘብ ማስረከብ አለብን። ደንበኛው ቢሸሽ፣ ቢሰክር፣ ወድቆ ቢሞት እንኳ ማርካዋ የአስተናጋጇ ናት። ከበላያችን ግድግዳው ላይ ጡንቻው የፈረጠመ ሠራተኛ መዶሻ ይዞ የተሳለበት ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ ስለ ወዛደር መብት የተጻፈበት ነው። እሱን ሥዕል በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ የምወለውለው እኔ ነበርኩ።

የማይከፍል ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እያለው የማይከፍል ነው። ካድሬው ጥብስ በልቶ፣ ጥርሱን እየፋቀ፣ «በሌላ ቀን» ብሎ ይወጣል። እትዬ እሱን ቀና ብለው አያዩትም፤ ማታ እኛን ያዩናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ሁለተኛው መክፈል የማይችለው ነው፤ በሽተኛ ይዞ ከገጠር የመጣ፣ ያለውን ለመድኃኒት የጨረሰ። ለዚህኛው እትዬ ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ከባንኮኒው ይወጡና ቤቱ በሙሉ እንዲሰማ፣ «ተወው የኔ ጌታ፣ እግዜር ይከፍለኛል» ይላሉ። ሰውየው ይመርቃል፤ ተመጋቢው «እንዲህ ያለች ደግ ሴት» ይባባላል። በጎባ የእትዬን ደግነት የማያወራ አልነበረም። ደግነቱ ማታ ከእኛ ደሞዝ ይነሳ እንደነበር የምናውቀው እኔና ሙሉ ብቻ ነን። ሙሉ ከእኔ ጋር አንድ ቤት የተከራየች፣ ከእኔ ቀድማ እዚያ የገባች ልጅ ናት።

«ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም» ትለኝ ነበር።

ዝም ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ታይፕ እማር ነበር። ያኔ በጎባ ታይፕ የቻለች ሴት ልጅ ከትሪ ወደ ጠረጴዛ ተሻገረች ማለት ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ጸሐፊ ይፈልጋሉ። የወር ክፍያዬን ጨርሼ ፈተናውን ካለፍኩ ወረቀቱን ይሰጡኛል። የማስበው እሱን ብቻ ነበር። ሽሮ ተሸክሜ ስመላለስ እንኳ ጣቶቼ ትሪው ሥር ፊደል ይመቱ ነበር።

እንዲህ እያለሁ ኦቦ ከድር መጣ። ረጅም፣ ጠይም፣ ከደሎ መና ወዲያ ያለ ገበሬ ነው። ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታለች። አማርኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ እኔ ግን ከኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ልጆች ጋር ስላደግሁ ኦሮምኛ እንደ አፍ መፍቻዬ ነው። የመጀመሪያ ቀን የጠየቀው ሻይ ብቻ ነበር። ከስልቻው በሶ አወጣና በሻዩ ሊበጠብጥ ሲል እትዬ አዩት።

«እረ በኔ ሞት! በኔ ቤት በሶ? ንገሪው አስቴር። ሚስቱ እስክትድን ድረስ እዚሁ ይብላ በይው።»

ነገርኩት። አንገቱን ደፋ፤ አይሆንም ብሎ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። እትዬ ሽሮውን ራሳቸው አምጥተው ፊቱ አኖሩት። ከዚያ ቆሞ መረቃቸው፤ «ረቢ ሲፍ ሃ ኬኑ» እያለ፣ አምላክ ይስጥሽ እያለ። እኔ ደግሞ ምርቃቱን ቃል በቃል ወደ አማርኛ እመልስላቸዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «አሜን፣ አሜን» ይላሉ። ለሽሮው የገባችው ማርካ ግን ከእኔ እጅ የወጣች ናት።

ሚስቱ ቶሎ አልዳነችም። እሱ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ ቁርስ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሽሮ፣ ማታ ሽሮ ነው። በሰውየው ላይ ቂም አልነበረኝም፤ እንዲያውም ዳቦውን ጨመር አደርግለት ነበር። ሚስቱ እንዴት አደረች ብዬ ሳልጠይቀው አልውልም። እትዬም በየቀኑ ይጠይቁታል፤ በየቀኑ ይመረቃሉ።

ወሩ ሲያልቅ ደሞዜ ተብሎ የተሰጠኝን አይቼ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«እትዬ፣ ኦቦ ከድርን ይብላ ያሉት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ታዲያ ማርካው የማን ነው?»

«የእኔ ነው፤ ግን...»

«በቃ፣ አሠራሩ ነው። ደግሞ ድሃ የበላው እንጀራ አይጠፋም፤ ለአንቺም በሰማይ ይቆጠርልሻል።»

በሰማይ! የታይፕ ቤቱ ክፍያ በሰማይ ቢሆን ኖሮ ምን ገዶኝ። ለሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ነግሬው ነበር፤ እሱ እዚያው ቤት ጥብስ እየበላ ነበርና ነገ ቢሮ ነይ አለኝ። ብሄድ አጣሁት።

ፈተናው ደረሰ። የታይፕ መምህራችን ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። ዝምተኛ ናቸው፤ ጃኬታቸው ክርኑ ላይ በሌላ ጨርቅ ተጥፏል። ክፍያ እንደጎደለብኝ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ያልከፈለ ተማሪ ካስፈተንኩ የታይፕ ቤቱ ባለቤት ከእኔ ላይ ነው የሚያነሳው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ግድ የለም፣ ተፈተኚ። እኔ እችለዋለሁ» አሉ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው ፊት እኔ ኦቦ ከድር ሆኜ፣ እሳቸው እኔን ሆነው ነው የታዩኝ። ልጆቻቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር በአንድ ላስቲክ ተጠልለው የሚሮጡ ልጆች ናቸው። እሺ ብል አልፋለሁ፤ እትዬ በእኔ ላይ ያደረጉትን ግን እኔም በሌላ ደሞዝተኛ ላይ አደረግሁት ማለት ነው። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አይሆንም» ብዬ ወጣሁ። በመንገዱ ሁሉ አለቀስኩ፤ የሐዘን እንዳይመስላችሁ፣ የንዴት ነው። ያን ጊዜ ያለፉት ልጆች ወዲያው ሥራ ያዙ።

ዝናቡ ካለፈ፣ ገብሱም ከተወቃ በኋላ፣ አንድ ቀን፣ ሚስቱን ይዞ አገሩ የገባው ኦቦ ከድር ተመልሶ ብቅ አለ። ሚስቱ ድናለች። በትልቅ ቅል ሙሉ ማር ተሸክሟል፤ የሐረና ጫካ ማር፣ ሽታው ከሰውየው ቀድሞ የገባ። ቀጥ ብሎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠውና ወደ እኔ ዞረ።

«ንገሪልኝ ልጄ። ለእኚህ ሴት የሚመጥን ነገር የለኝም፤ ራሴ ዛፍ ላይ ወጥቼ የቆረጥኩት ነው በያቸው። ቤታቸው አይጉደል በያቸው።»

እትዬ ገና ሳልተረጉምላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። ሙሉ በቆመችበት ራሷን ነቀነቀችብኝ፣ ተይ ማለቷ ነው። አፌን ለመተርጎም ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ።

«ኦቦ ከድር፣ ይሄን አልነግራቸውም» አልኩት በኦሮምኛ። «የበላኸውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ከደሞዜ ነው የተቆረጠው። እሳቸው ሰባራ ሳንቲም አላወጡም።»

ኦሮምኛ የሚሰማው ተመጋቢ ሁሉ መብላቱን አቆመ። ኦቦ ከድር ፊቱ ላይ መጀመሪያ ያልገባው ሰው መልክ ነበር፤ ቀስ ብሎ ገባው።

«ኢንታላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም? በሶ ነበረኝ እኮ። በሶዬን እበላ ነበር።»

እውነቱን ነው፤ እሱም ሳይወድ የሰው እንጀራ እንዲበላ ተደርጓል።

«ምንድነው የምትባባሉት?» አሉ እትዬ ዓይናቸውን ገልጠው።

በአማርኛ ነገርኳቸው፤ አንድ ቃል ሳልቀንስ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«በድሃ ፊት ታዋርጂኝ? ቤቱ የማን ነው?»

«ቤቱ የእርስዎ ነው እትዬ። ሽሮው ግን የእኔ ነበር።»

ኦቦ ከድር ማሩን ያነሳዋል ብዬ ነበር፤ አላነሳውም። የሰጡትን መልሶ መውሰድ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። ማንንም ሳይመርቅ ወጣ። እኔንም አላየኝም፤ በእኔም ተቀይሞ እንደነበር ዛሬ ድረስ አምናለሁ። እትዬ ማሩን ወደ ጓዳ አስገቡና እኔን በዚያው ቀን አሰናበቱኝ። የቀረኝን ደሞዝ «የማርካ ጉድለት» ብለው አስቀሩት። ታይፑን የጨረስኩት ከዓመት በኋላ፣ እዚህ ሮቤ፣ የሰው ልብስ እያጠብኩ ነው።

ደረጀ ስለ መሻረክ ሲያወራኝ ይሄ ሁሉ ነበር በውስጤ የሚፈላው። ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወደ ባንኮኒው ሄድኩ።

«ልጄ፣ ሽማግሌውን ይሂዱ ያላቸው ማን ነው?» አልኩት ሥራ አስኪያጁን።

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ምርቃቱንስ የወሰደው?»

ሳቅ አለ፤ ቀልድ መስሎታል።

«ታዲያ እሷ ምን አድርጋ ነው የምትከፍለው? መቶ ሰው በልቶ ሲከፍል ትርፉን ታካፍሏታላችሁ? አንድ ሰው ሳይከፍል ሲቀር ኪሳራው የእሷ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ልጁ አፈረ፤ ወዲያና ወዲህ አየ። ባለቤቱ አዲስ አበባ እንደሆነ፣ እሱም ተቀጣሪ እንደሆነ ሊነግረኝ ጀመረና ተወው። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ ቤቱ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «እሺ እማማ፣ ለእርስዎ ሲባል ይቅርላት» አለ።

አንዳንዱ አጨበጨበ። ደረጀ «አሸነፍሽ አክስቴ» አለኝ እየሳቀ። ምኑን ነው ያሸነፍኩት? ለእኔ ሲባል የቀረ ነገ እኔ ከሌለሁ ይመለሳል። ልጅቷ ግን ትሪዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው። የራሷን ደሞዝ ስላልወሰደባት አመሰገነችው።