ሦስት ጊዜ «እንደምን ከረምክ?»

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን አሞኝ እዚሁ ቢቸና ክሊኒክ ሄድኩ። ጉንጬ አብጦ ድፎ ዳቦ የጎረስኩ መስያለሁ። ወጣቱ ሐኪም «እንዴት ነዎት ጋሼ?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ!» አልኩት። ልጁ ግራ ገብቶት «ታዲያ ለምን መጡ?» አይለኝ መሰላችሁ! ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔም ባንድ በኩል ሳቅኩ፤ ያበጠው ጎን አልታዘዝ አለኝ እንጂ በሁለቱም እስቅ ነበር። ልጁ አይፈረድበትም። ይህቺን መልስ እንዴት እንደተማርኳት በምን ያውቃል?

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የወፍጮ ሞተር ጥገና ማንም ሳያሳየኝ፣ እየፈታሁ እየገጠምኩ ራሴ ተምሬ፣ ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ ስሜ ይጠራል። ዛሬም ቢሆን እኔን የሚያህል የለም። ግን ያኔ ይህን የማወራው ሳልጠየቅ ነበር። አሁንም ያው ነኝ፣ ይቅርታ።

ሞጣ ላይ አንጓች የምትባል ልጅ ወድጄ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ መሪጌታ ይሄይስ የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው። ለሽማግሌዎቹ «ልጁ ራሱ ይምጣና ልየው» አሏቸው። ደስ አለኝ፤ ካዩኝማ አለቀ! ለዚያ ቀን ብዬ ያሰፋሁትን ነጭ ሸሚዝ ለብሼ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። በመስኮት የሚገባው አቧራ ሸሚዜን እንዳያበላሽብኝ፣ መንገዱን ሙሉ ጋቢ ተከናንቤ እንደ በሽተኛ ነው የሄድኩት።

መሪጌታን ግቢያቸው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ቆምኩ።

«እንደምን ከረምክ ልጄ?»

«ደህና ነኝ! ዘንድሮ ብቻ ስድስት ወፍጮ አስነሥቻለሁ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «እንደምን ከረምክ?»

አልሰሙኝም ብዬ ጠጋ አልኩ። «ደህና ነኝ! እነ እገሌ ያቃታቸውንም ያስነሣሁት እኔ ነኝ!»

«እንደምን ከረምክ?»

ወይ ጉድ፣ ሰውዬው ጆሯቸው አይሰማም፤ ማንም አልነገረኝም! አፌን በሁለት እጄ ከብቤ፣ ጎረቤት እስኪወጣ «በጣም! ደህና! ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ከቤት ውስጥ የአንጓች ሳቅ ተሰማኝ።

«ጆሮዬስ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «ሦስት ጊዜ ጠየቅኩህ፤ ሦስቴም ያወራኸኝ ስለ ራስህ ነው። ያከረመህ የለም? እኔ ልጄን ራሱን በራሱ ለፈጠረ ሰው አልሰጥም። በል በሰላም አገርህ ግባ።»

አንገቴን ደፍቼ ወደ አውቶቡስ መሳፈሪያው ወረድኩ። ገበያው ጥግ የሐጂ ሙሄ ወፍጮ ተበላሽቶ ቆሟል፤ ሴቶች እህላቸውን ይዘው በር ላይ ተሰልፈዋል። ሐጂ ሲያዩኝ «አንተ፣ የቢቸናው መካኒክ አይደለህም? ና እባክህ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል» አሉኝ። ተናድጃለሁ፤ ሞጣ ማንነቴን ትይ ብዬ ገባሁ። ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩ ተነሣ! ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ራሴ ላይ ወጣ መሰለኝ፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲንሸራተት ባየሁት ጊዜ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ በእጄ ገፋ ላደርገው ገባሁ።

ቺንጋው እጅጌዬን ያዘው። ሳበኝ። ሸሚዙ እስከ ትከሻዬ ተተረተረና በጀርባዬ ጤፍ ጆንያ ላይ ወደቅሁ። እጅጌዬ ብቻዋን ከመዘውሩ ጋር ትዞራለች። እጄን አየሁ፤ አለ። ጣቶቼን ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሐጂ ሞተሩን አጥፍተው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» ይላሉ።

አውቶቡሱን ትቼ፣ ዱቄት በዱቄት ሆኜ ባንድ እጅጌ ወደ መሪጌታ ተመለስኩ። እዚያው ዛፍ ሥር ናቸው።

«ምነው ተመለስክ? እንደምን ዋልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ቀና አሉ። «እጅጌህስ የት ሄደ?»

ስለ ሞተሩ ላወራ አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። «እጄን አተረፈልኝ» ብቻ አልኩ።

ቀኝ እጄን ይዘው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ ቤት ዞረው «አንጓች! ውኃ አምጪ፣ እንግዳው እጁን ይታጠብ!» አሉ።

ከተጋባን በኋላ አንድ ቀን «እጄ ቢቆረጥ ኖሮስ ምን እል ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «መልስ ለመስጠት ትዘገይ ነበር» አሉኝ፤ «መልሱ ግን ያው ነው።»

አሁን ከቢቸና እስከ ሞጣ እንደኔ የሚያመሰግን ካለ ይምጣና ይወዳደረኝ! አንጓች «ደግሞ በዚህም ትፎክራለህ?» ትለኛለች። ልፎክር እንጂ! ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ጠዋት ውኃ ስታፈስልኝ ቀኝ እጄን አየዋለሁ፤ ያን ጊዜ ፉከራው ወዴት እንደሚጠፋ እንጃ፣ ቃሉ ብቻ አፌ ላይ ይቀራል።