ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ከቀበረች ወዲህ በግቢዋ ውስጥ ዓይኗ እንዲያርፍበት የማትፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ባለአራት ጎማው ሞተር ነበር። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አስፋልት ላይ ሲመላለስ ይሰነብትና በዕረፍት ቀኑ አስፋልት ወደሌለበት ይሸሻል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የአሸዋ ኮረብታ ላይ በዚያ ሞተር ሽቅብ ሲወጣ፣ ቁልቁል ሲወርድ ውሎ ቅንድቡ ሳይቀር አሸዋ ለብሶ ይመለሳል። በሥራህም መንዳት በዕረፍትህም መንዳት፣ አይሰለችህም ወይ ስትለው፣ በአውቶቡሱ የምሄደው ሰው ወደሚፈልገው ነው፣ በዚህ ግን እኔ ወደምፈልገው እያለ ይስቅባት ነበር። የገደለው ሞተሩ አይደለም። ልቡ ናት አንድ ቀን ሥራ ላይ እንዳለ ቀጥ ያለችው።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሸራ ለብሶ ከስፌት ክፍሏ መስኮት ፊት ለፊት ተገተረ። ልብስ ልትለካ የመጣች ሁሉ ለምን አትሸጪውም ትላታለች። እሷም ልሸጠው ነው ትላለች፤ አትሸጠውም። የመድን ውሉን ግን ሳታጓድል በየዓመቱ ታሳድሳለች። ባሏ ሲያደርገው የኖረውን ማቋረጥ ሰውየውን ሁለተኛ መቅበር ሆኖ ይሰማታል። ደግሞም ኢንሹራንስ ያለው ነገር ምን ቢመጣ አይጎዳም ብላ ታምን ነበር። ውሉ ምን እንደሚል ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

ታናሽ ወንድሟ ቀጮ፣ ስሙን ያገኘው ከቁመናው ነው፣ ፀጉር አስተካካይ ነው። እህቱ ባሏ ሲሞትባት ብቻዋን እንዳትሆን ብሎ ከጓዳ ያለችውን ክፍል ይዞ አብሯት ይኖራል። እጁ ለመቀስ እንጂ ለመሪ የተፈጠረ አልነበረም። ሞተሩንም አንድ ቀን ስጪኝ ብሎ አያውቅም። በእጁ ያስያዘችው እሷ ናት። የዕረፍት ቀኑ ነበር፤ ከመቆም ብዛት ባትሪው ሞቶ ከሚቀር ወስደህ አንቀሳቅሰው አለችው። እሱ አንገራገረ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ይሄን ነገር በደንብ አላውቅበትም።"

"አሸዋ ላይ ማንን ልትመታ ነው? ሂድ ባክህ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ከፊቴ ዞር ይበልልኝ።"

ሄደ። ኮረብታውን ሦስት አራቴ ተመላልሶ ሲወጣና ሲወርድ ፍርሃቱ ለቀቀው፤ እንዲያውም ደስ ብሎት እየዘፈነ ነበር አሉ። ከኮረብታው ወዲያ ማዶ የመጋዘን አጥር የሚገነባ አንድ ግንበኛ፣ ምሳውን በልቶ ከአጥሩ ጥላ ሥር ጋደም ብሏል። ቀጮ ጫፉ ላይ ሲደርስ ነዳጅ ሰጠው፤ ሞተሩ አየር ላይ ተንሳፈፈና የሰውየው እግር ላይ አረፈ። ቀጮ ክርኑ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነም። በኋላ፣ ምነው እኔን ባደረገው ሲል፣ ሰው የሚለውን ሊል ብሎ ሳይሆን ከልቡ እንደነበር ሰፊዋ ታውቃለች።

ሆስፒታል ስትደርስ የግንበኛው ሚስት ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ትምህርት ቤት የምታጸዳ ሴት ናት፤ የሥራ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። ሐኪሙ እግሩ አይቆረጥም፣ ጉልበቱ ግን ከእንግዲህ አይታጠፍም ብሏታል። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው መወጣጫ ላይ እንደማይወጣ ለማወቅ ደግሞ ሐኪም አያስፈልግም። ሰፊዋ ሴትየዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ አይዞሽ፣ ሞተሩ ኢንሹራንስ አለው፣ ሕክምናውንም ሥራ የሚፈታበትንም እነሱ ይሸፍናሉ አለቻት። ሴትየዋ እጇን አጥብቃ ያዘችው፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

በማግስቱ ሰፊዋ ወደ መድን ድርጅቱ ስትሄድ የምትጨነቀው ስለ ወረፋው ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወጣት ሠራተኛ ትሁት ነው፤ ወንበር ሰጣት፣ ጉዳዩንም እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

"እናቴ፣ ይሄ ውል ሞተሩ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ነው የሚክሰው። የሚጠብቀው ሞተሩን ነው፤ ሞተሩ የሚጎዳውን ሰው አይደለም።"

መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ቢሆን ለሦስተኛ ወገን የሚሆን ዋስትና ግዴታ እንደሆነ፣ ይሄ ግን ለመዝናኛ ነው ተብሎ ስለተያዘ ማንም እንዳላስገደዳቸው፣ ባሏም ተጠይቆ አያስፈልገኝም እንዳለ ቀስ ብሎ አስረዳት።  ከሁሉ ያቃጠላት ባሏ ያንን መልስ ሲሰጥ ምን እያሰበ እንደነበር ማወቋ ነው፤ እሷም ለወንድሟ ያለችውን ነው ያሰበው፦ አሸዋ ላይ ማንን ልመታ ነው።

ወደ ሆስፒታሉ ተመልሳ ለሴትየዋ እውነቱን መንገር ነበረባት። ነገረቻት። ሴትየዋ አልተሳደበችም፣ አልጮኸችም። እጇን ብቻ ከሰፊዋ እጅ ውስጥ ቀስ አድርጋ አወጣች።

ጠበቃ ዘንድ ስትሄድ ነገሩ ባሰ። መሪውን የያዘው ወንድሜ ነው፣ እኔ እቤቴ ስሰፋ ነበርኩ አለችው። ጠበቃው ሞተሩ የማን ነው ብሎ ጠየቃት። ከባሌ የወረስኩት ነው አለች። እንግዲያው ያደረሰው ጉዳት ኃላፊነት በወንድምሽም በአንቺም ላይ ነው፣ ባለቤት ቤቱ ቁጭ ቢልም ንብረቱ ላደረሰው ነገር ይጠየቃል አላት። ወንድሟ ከመቀስና ከማበጠሪያ በቀር ምንም ስለሌለው፣ ለካሳ የሚያዩት የእሷን ቤት ነው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ሳታውቂ፣ ሳትፈቅጂለት ወስዶት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አስቢበትና ንገሪኝ።"

ስታወራለት ቀጮ ብዙም አላሰበም። ሰረቀኝ በይ አላት። ሰረቀኝ ባትይ እንኳ ሳይጠይቀኝ ወሰደ በይ፤ ብታሰር እፈታለሁ፣ ቤት ግን አንዴ ከእጅ ከወጣ አይመለስም አላት። እሷ ጮኸችበት። ከጮኸች በኋላ ግን ሐሳቡ ከአእምሮዋ አልወጣም። እህል ውሃ አላሰኛት አለ። መርፌ ስታስገባ ጣቷን እየወጋች፣ እጅጌ በአንገት በኩል እየሰፋች፣ የሰው ልብስ አበላሸች። ወንድሟን ለእስር አሳልፋ መስጠትና መንገድ ላይ መውደቅ እየተፈራረቁ ያስጨንቋት ጀመር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ቁርጥ ባደረገች ቁጥር ሌላው የሚሻል ይመስላታል።

ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ልትሰጥ የሄደች ቀን፣ ሳትፈቅድለት ነው የወሰደው ልትል ወስና ነበር። ወንድሟም እስከ በሩ ሸኝቷት፣ እንዳትሳሳቺ ብሎ ተመልሷል። ውስጥ ስትገባ የግንበኛው ሚስት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ አጠገቧ ተቀመጠች።  ሴትየዋ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

"ሰረቀኝ ልትይ ነው አሉ።"

"ማን አለ?"

"ሰው ነዋ። ወንድምሽ ይታሰራል፣ እኔን ምን ይጠቅመኛል? የእሱ መታሰር የባሌን ጉልበት አያጥፍልኝም።"

 ጠበቃው ያላነሳው፣ ሰፊዋም ልታየው ያልፈለገችው ነገር ይሄው ነበር። ውሸቱ ጉዳቱን አያጠፋውም፤ ከእሷ ትከሻ አንስቶ በዚህች ሴት ትከሻ ላይ ይጭነዋል እንጂ። ስሟ ሲጠራ ገባች። መርማሪው ሞተሩ እንዴት ከግቢዋ እንደወጣ ጠየቃት። 

"ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለች። "አላውቅበትም ብሎኝ ነበር።"

ቀጮ ፍርድ ቤት ቀርቦ በገደብ ተለቀቀ። ለግንበኛው ካሳ ሲባል የሰፊዋ ቤት ተሸጠ፤ የስፌት ክፍሉም አብሮ ሄደ። ሞተሩን ሊገዛ የመጣ አንድ ሰው ነበር። ሰው ብትመታበትስ፣ ዋስትናው ለሚመታውም ሰው መሆኑን በዓይኔ ሳላይ አልሰጥም ብላ ድርቅ አለች። ገዢውን ያመጣው ደላላ አበደች አለ፣ ገዢውም ትቷት ሄደ። በመጨረሻ ሞተሩ ተፈታቶ ለብረት ነጋዴ ተሸጠ።

 ወንድሟ ራሱን አሳልፎ ሊሰጥላት ተነስቶ ነበር፤ አልቀበልህም ማለቷ ደግሞ አዋረደው። አንድ ጠዋት ዕቃውን ሸክፎ፣ "ምነው ባሳሰርሽኝ እትዬ" አላትና ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ስትደውል አያነሳም። ደህና መሆኑን የምትሰማው አብረውት ይሠሩ ከነበሩት ነው።

አሁን ሰፊዋ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥራ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ ትሰፋለች። ሙሉ ልብስ ከሰፋች ቆይታለች። በተከራየቻት አንድ ክፍል ውስጥ ከድሮው የተረፈች የእግር ስፌት መኪና አለቻት።

በቅርቡ የግንበኛው ሚስት የባሏን ሱሪ ይዛ መጣች። ጉልበቱ ስለማይታጠፍ ሱሪ መልበስ ስቃይ ሆኖበታል፤ ጎኑን ቀድደሽ ቁልፍ አድርጊለት አለቻት። ወንበሩ አንድ ስለሆነ ሴትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰፊዋ እንዴት ነው ብላ ጠየቀቻት። ትናንት ደግሞ ደረጃ ላይ ወደቀ፣ ሲወድቅ እኔን ነው የሚቆጣው አለች ሴትየዋ።  ሰፊዋ ስፌቱን ፈታች፣ ጠርዙን አጠፈች፣ ቁልፎቹንም አንድ በአንድ በእጇ ተከለች። ስትጨርስ ዋጋው ስንት ነው ተባለች። ምንም አይደለም ልትል ቀና ስትል የሴትየዋን ፊት አየች፤ አልደፈረችም። ዋጋውን ነገረቻት፣ ሴትየዋም ከፍላ ሱሪውን አጣጥፋ ወጣች።