የአባቴ ጉልበት

ባለፈው ሳምንት ለስኳሬ ክትትል ሄጄ ወጣቷ ሐኪም ከጋዋኗ ኪስ ትንሽ የጎማ መዶሻ አውጥታ «እማማ፣ እግርዎን ዘና ያድርጉት» ስትለኝ፣ ልቤ አስመራ፣ ማይ ተመናይ ሰፈር፣ አባቴ ክፍል ገብቶ ቁጭ አለ።

አባቴ የመቶ አለቃ ነበር፤ ጀርባውን ተመትቶ ከግንባር ሲመለስ ከወገቡ በታች አልታዘዝ ብሎት ቀረ። እናቴ ቢሮ ስለምትውል ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ከመሀል አገር የመጣ ወታደር ቤት ነውና የሰፈሩ ልጆች በራችንን እየሮጡ ያልፉታል እንጂ አያንኳኩም። የሚያንኳኩት ጎረቤታችን ነርሷ አደይ ለተብርሃን ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን እሳቸው ጉልበቱን በመዶሻ ነካ ቢያደርጉት እግሩ ተፈናጥሮ ተነሣ። ጮቤ ረገጥሁ፤ አባቴ ሊድን ነው! ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፣ ደብተሬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከጉልበቱ ሥር እሸጉጥና በማማሰያ እመታዋለሁ፤ እናቴ ማማሰያዋን አልጋ ሥር እያገኘች ግራ ይገባታል። እግሩ ሲዘል «አባዬ፣ አንተ ነህ ያነሣኸው?» እላለሁ። «እወ፣ እኔ ነኝ» ይለኛል፣ በለመዳት ትግርኛ። ሲድን ፓራዲዞ ሰፈር ድረስ በእግራችን ልንሄድ ተቃጥረን ነበር።

አደይ ለተብርሃን ይህን ሲያዩ ጓሮ ወሰዱኝ። «ጓለይ፣ ኣይፋል፤ አይደለም ልጄ» አሉኝ፣ «የምቱ መልእክት ከጉልበት ተነሥቶ አከርካሪ ይደርሳል፤ ትእዛዙን ከዚያው ይዞ ይመለሳል፤ ከተማ ሳይገባ ከመንገድ እንደሚዞር አውቶቡስ ነው። ወደ ጭንቅላት የሚወስደው መንገድ ተቆርጧል። አባትሽ አያዝዘውም፤ ሲዘልም አይሰማውም።»

በማግስቱ ማማሰያውን አላነሣሁም። አባቴ ጠበቀ፣ ጠበቀና «ዛሬ አትመቺልኝም?» አለኝ። መታሁ፤ ዘለለ። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት፤ በጀርባው ተኝቶ እግሩን ሳይሆን ፊቴን ነበር የሚያየው። መዝለሉን የሚያውቀው ከእኔ ደስታ ነበር። ሳቅሁለት። እስኪሞት ድረስ በየቀኑ ሳቅሁለት፤ እኔ ውሸቱን አውቄ፣ እሱ ማወቄን ሳያውቅ፣ ጎን ለጎን ሆነን ለየብቻችን ነበርን። አስመራን ለቀን ስንወጣ መቃብሩ እዚያው ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ሐኪሟ ጉልበቴን መታችው። ደግማ መታችው። ስኳሩ ነርቬን በልቶት ኖሮ እግሬ ንቅንቅ አላለም። ሳላስበው እግሬን ትቼ ፊቷን አየሁ።

እሷ አቀርቅራ ትጽፍ ነበር።