ሙሉ ይጠምጠም ወይስ ከፊል

ልጄን ቃር የጀመራት ተማሪ ሳለች ነው። መዋዕለ ሕፃናት ማስተማር ስትጀምር ባሰባት። በተኛችበት አሲዱ ጉሮሮዋ ድረስ እየመጣ ያንቃታል፤ ጠዋት ድምጿ ተዘግቶ ትነሳለች። ኪኒኑም አላስታገሰላት አለ። በመጨረሻ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አለ። ከኮዬ ፈጬ ወደ ሆስፒታሉ በአውቶቡስ ስንሄድ እሷ መስኮቱን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ።

እኔ ትምህርት ብዙ አልገፋሁም። ሐኪም ሲናገር ያልገባኝን ደጋግሜ ስለምጠይቅ ልጄ ታፍራለች። ይህኛው ግን አልተቆጣም። ሆዷ እንደማይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ እንደሚገባ ነገረን። ከዚያ የጨጓራዋን የላይኛውን ክፍል በምግብ ቧንቧዋ ጫፍ ላይ ይጠመጥመዋል። የግራ አውራ ጣቱን አቁሞ በቀኝ እጁ ዙሪያውን ጨበጠው፤ ይህ ሙሉው ነው አለ። ጣቶቹን ከፊት በኩል ከፈት አደረጋቸው፤ ይህ ደግሞ ከፊሉ። ሙሉው አሲዱን አጥብቆ ይይዛል፣ ግን መዋጥና ማግሳት ሊያስቸግር፣ ሆድም ሊነፋ ይችላል። ከፊሉ ለመዋጥ ይቀላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ቃሩ ይመለሳል። የልጄ ቧንቧ ምግብ የሚገፋበት ጉልበት ደከም ያለ መሆኑ በምርመራ ስለታየ፣ እሱ ከፊሉን መረጠላት።

እኔ ሙሉውን ፈለግሁ። አንዴ ቢላዋ ከነካት አይቀር፣ ሁለተኛ እንዳትተኛበት።

«እማዬ፣ የምውጠው እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ።

ለእሷ ተውኩት። ቀጥዬ ለመናገር ሲያሳፍረኝ የቆየውን ሐኪሙን ጠየቅሁት። እኛ ዘንድ ሆዱን የታመመ ሰው ጠበል በብዛት ጠጥቶ ያስመልሳል፤ እሷም አድርጋዋለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላስ?

«እናቴ፣ እንዳያደርጉት። ሙሉም ይሁን ከፊል፣ በኃይል ካስመለሳት ጥምጥሙ ሊላቀቅ ይችላል» አለኝ።

ከፊሉ ተሠራላት። ማደንዘዣው ሲለቃት ፊቷ ገረጣ፣ አፏን በእጇ ያዘች። ነርሷን ጠራሁ፤ ማቅለሽለሹን የሚያቆም መርፌ ወጋቻት። መርፌው እስኪሠራ ዓይኔን ከአፏ ላይ አልነቀልኩም።

ቤት በገባን ማግስት ታላቅ እህቴ ከአቃቂ በሰቃ ጠበል በጀሪካን ይዛ መጣች። ከቃሏ ወጥቼ አላውቅም። ገና ሳትቀመጥ ኩባያ አምጪ አለችኝ፤ ጠጥታ የቀረው ክፉ ነገር ይውጣላት።

«እትዬ፣ አያጠጧት። ካስመለሳት የተሰፋው ይለቃል።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ጠበል የምትፈሪው? ሐኪም ሆንሽ?»

«ጠበሉን አልፈራሁም። ማስመለሱን ነው። ይርጩላት።»

ጀሪካኑን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። የምትሄድ መሰለኝ። ቆይታ መዳፏ ላይ አንቆረቆረችና የልጄን ፊትና ደረት አራሰች።

ልጄ ሾርባ ጠየቀች፤ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ከውሃ በስተቀር የቀመሰችው አልነበረም። የመጀመሪያውን ማንኪያ አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች። እኔና እህቴ አንገቷ ላይ አፈጠጥን። በግድ ዋጠችውና ማንኪያውን አስቀመጠች።

«እንደዚህ እያያችሁኝ አይወርድልኝም» አለች።

ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። እህቴ በሹክሹክታ ትጸልያለች። ከኋላችን ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ሰማሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ነካው።