የፊሽካው ወራሽ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን የሥዕል መጽሐፍ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጥላው ወጥታ ነበር። እኔም ጥንቆላ ምናምን ያለበት እንዳይሆን ብዬ መጀመሪያ በጥርጣሬ ገለጥ ገለጥ አደረግኩት፤ ቀጥሎ ደግሞ ማንም እንደማያየኝ ካረጋገጥኩ በኋላ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኩት። የምኖርበት ደርባን የባሕር ዳር ከተማ ነውና ወረቀት ሁሉ እርጥበት ይጠጣል። ያ የራሰ ወረቀትና የማተሚያ ቀለም ሽታ፣ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ስንት ዘመን ያላሰብኳትን፣ መርካቶ ጭድ ተራ ጥግ ላይ የነበረችውን የአባቴን ሱቅ ከነጣራዋ አምጥቶ ፊቴ አቆመብኝ።

ሽፋኑ ላይ ባለ ጭምብልና ባለ ካባ ጀግኖች ተኮልኩለው ቆመዋል። ከሁሉም ኋላ፣ ግማሽ ፊቷ በሌላው ትከሻ የተከለለ አንዲት ጥቁር ልጅ አለች። ልጄ ስትመለስ ማን እንደሆነች ጠየቅኳት። ጭምብሉ ቀድሞ የሌላ ሰው እንደነበረ፣ እሱ ሲሞት እሷ እንደወረሰችው፣ ክፍሏ ውስጥ ያሉት ልጆች ግን ስለ ሟቹ እንጂ ስለ እሷ እንደማያወሩ ነገረችኝና፣ «እማ፣ ታሪኩ የሷ ሆኖ ሳለ ለምን ከኋላ አቆሟት?» አለችኝ። «እንጃ ልጄ» አልኳት። እንጃ ማለቴ መልሱ ጠፍቶኝ ሳይሆን ረጅም ስለሆነብኝ፣ ደግሞም ምድጃው ላይ ሽሮ ጥጄ ስለነበር ነው፤ እኔ እሳት ላይ የተጣደ ነገር ትቼ ወሬ የምይዝ ሰው አይደለሁም።

አባቴ መንግሥቱ የመጠቅለያ ወረቀት ነጋዴ ነበር። በየውጭ አገሩ ሳይሸጡ የቀሩ ጋዜጦችና መጽሔቶች በሽቦ ታስረው፣ ከሰው በሚከብድ እስር እየሆኑ ይመጡለታል፤ እሱም ለበርበሬ፣ ለስኳርና ለሚስማር ሻጮች በኪሎ ያከፋፍላል። እስሩ ሲፈታ የሚያብረቀርቀውን ወረቀት ከሻካራው መለየት የእኔና የሰዓዳ ሥራ ነበር፤ የሚያብረቀርቀው ያንሸራትታል፣ ስኳር አይዝም፣ ማንም አይፈልገውም፣ ስለዚህ ለእኛ ይቀራል። ሰዓዳ ከወሎ የመጣው የተራችን ጠባቂ የጋሼ ይማም ልጅ ስትሆን፣ በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኝ ነበር። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችባት የምትውለው እኛ ሱቅ ነው። በረመዳን እኔ ከሷ ተደብቄ ምሳዬን እበላለሁ፤ በሁዳዴ ደግሞ እሷ ወተት ጠጥታ ስትመጣ፣ እኔ እንዳላይባት አፏን ደህና አድርጋ ጠርጋ ትገባለች።

የኛን ጊዜ የሥዕል መጽሐፍ ያገኘነው ከእንዲህ ያለ እስር ውስጥ ነው። እንግሊዝኛችን የሳሙና ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ከማንበብ ባያልፍም ሥዕሉ ይበቃን ነበር። ሰማያዊ ካባ የለበሰ ነጭ ሽማግሌ ከተማውን ከክፉ ሲጠብቅ ኖሮ ይታመማል። በየሥዕሉ ጥግ ላይ፣ አንዳንዴ እጇ ብቻ፣ አንዳንዴም ጀርባዋ ብቻ የሚታይ አንዲት ጥቁር ልጅ አለች፤ ቀድማ ያየቻት ሰዓዳ ናት። «አየሻት? ይቺ እኮ ከመጀመሪያው ጀምሮ አለች» ብላ በቀለም የጠቆረ ጣቷን አስቀመጠችባት። ሽማግሌው ሲሞት ካባውን ለሷ ይሰጣታል። ለብሳው አደባባይ ስትወጣ ግን የከተማው ሰው አንገቱን አስግጎ የሚያየው ከኋላዋ ነው፤ ሰውየውስ የታል እንደማለት። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ገጾች ሽቦው በልቷቸው ነበር። እኔ መጨረሻ የሌለው ነገር ስለሚያስፈራኝ «ንግሥት ሆና ኖረች» ብዬ እዘጋዋለሁ። ሰዓዳ ግን «ውሸትሽን ነው» ትለኛለች፣ ዓይኗን ከሥዕሉ ሳትነቅል፤ «እስኪያምኗት ድረስ አንድ ነገር ይቃጠላል።»

በኛ ተራ የሚቃጠል ነገር ሞልቷል። ሱቆቹ ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፉ፣ ቆርቆሯቸው አንዱ በሌላው ላይ የተነባበረ ሲሆን፣ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ደግሞ ከጣራ ጣራ እንደ ሐረግ ይሳባል። ጋሼ ይማም ቀኑን ሙሉ ከላይና ከታች ይዞራል። ባለሱቁ ለምሳ ወይም ለጸሎት ዘግቶ በሄደ ቁጥር መጥቶ፣ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ፣ መዳፉን የቆርቆሮው በር ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ጣራ ላይ ይወጣል። አንድ እግሩ ከጥንት ጀምሮ ጉዳተኛ ስለነበር፣ ከታች ላለነው እርምጃው አንዴ ዷ ብሎ፣ ቀጥሎ እየተጎተተ ሲፋቅ ይሰማናል። ደንበኛ ደንግጦ ሽቅብ ሲያይ አባቴ «አይዞህ፣ ይማም ነው» ይለዋል።

አንገቱ ላይ የብረት ፊሽካ ነበረችው። መርካቶ ውስጥ እሳት ሳይኖር «እሳት!» ብሎ መጮህ የሌባ ዘዴ ነው፤ ሰው ሱቁን ጥሎ ሲሮጥ ሌባው ገብቶ ይጠርጋል። ስለዚህ የተራው ሰው አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር። የአፍ ጩኸት ከተሰማ ሁሉም ከነደንበኛው ገብቶ በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል፤ የይማም ፊሽካ ከተነፋ ግን ማንም ዕቃ ሳይል ወጥቶ ይሮጣል። ይህን ሕግ እኛ ልጆቹ እንደ አባታችን ሆይ በቃላችን እናውቀው ነበር።

ጋሼ ይማም የታመመበት በጋ ደረቅና ክፉ ነበር። መብራት በቀን ደጋግሞ ይሄድና ሲመለስ ሽቦው ይንጣጣል፤ አየሩ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፤ አይጦች በቀትር በመንገዱ መሐል ያልፋሉ። ሰውየው እየሳለ ሰዓዳን አስከትሎ ከበር በር ይዞራል፣ የሷን መዳፍ ከራሱ መዳፍ ሥር አድርጎ። «ዘንድሮ ይህ ቆርቆሮ አኳኋኑ አላማረኝም» ሲል ሰምቼው ለሳምንት ያህል እንቅልፍ አጥቼ ነበር። በጥር መጨረሻ ሞተ። ክርስቲያኑም እስላሙም ሱቁን ዘግቶ ቀበረው።

ከቀብሩ በኋላ ባለሱቆቹ የተራው ሽማግሌ የስፖንጅ ነጋዴው የጋሼ ደምሰው ደጃፍ ላይ ተሰበሰቡ። ሰዓዳ ፊሽካዋን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ መጥታ መሐላቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ በሮቹን አውቃቸዋለሁ» አለች። «የትኛው በፀሐይ፣ የትኛው ከውስጥ እንደሚሞቅ አባባ አሳይቶኛል።»

«ኧረ ተዉ! ለዚች ፊሽካ ከሰጠን ነገ ቀይ ካርድ አውጥታ እኛኑ ከሜዳ ታባርረናለች!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ተሳቀ። አባቴም ሳቀ።

ጋሼ ደምሰው ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። «ስሚኝ ልጄ» አሏት ራሷን እየደባበሱ፤ «አባትሽ ወንድማችን ነበር፣ አንቺም ልጃችን ነሽ። ግን ፊሽካና ጣራ ለሴት ልጅ አይሆንም። ሁነኛ ወንድ እስክናገኝ በሩን ዳስሺልን፤ ፊሽካው እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ልጅ እንዳይጫወትበት።» ተቀብለዋት ሱቃቸው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉባት።

ሁነኛው ወንድ አልተገኘም። ሰዓዳ በየቀኑ ዞረች። «ዶክተር፣ የኔ በር ዛሬስ ትኩሳቱ እንዴት ነው?» ይሏታል እየሳቁ፤ እሷም አትስቅም፣ አትቆጣም። አንድ ሰኞ የጋሼ ደምሰውን በር ነክታ እጇን ቶሎ አነሳች። ጥላ ውስጥ ያለ በር ነው፣ ፀሐይ አያየውም። ነገረቻቸው። «ስፖንጅ ነዋ፣ የኔ ልጅ፤ ሰው ሲተኛበት ይሞቀው የለ!» አሏት። እሷ ግን በማግስቱም፣ ከዚያ በማግስቱም እየተመለሰች ትዳስሰው ነበር። ለእኔ «ከውስጥ የሚተነፍስ ነገር አለ» አለችኝ፤ እኔም አማትቤ ወሬውን እንድትተወው ለመንኳት።

ጋሼ ደምሰው አብነት በኩል ለቅሶ ሊደርሱ ሱቃቸውን ቆልፈው፣ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተው በሄዱበት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ እኔ ከአባቴ ጋር ሱቅ ውስጥ ወረቀት እየቆረጥኩ ነበር። «እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት ሰማን። አባቴ ያዝ አድርጎ ወደ ውስጥ ሳበኝና በሩን ዘግቶ መቀርቀሪያውን ወረወረ። በተራው ሁሉ በሮች ተከታትለው ሲዘጉ ይሰማል፤ ሕጉን የረሳ አንድም ሰው አልነበረም።

«አባባ፣ ሰዓዳ ናት!»

«ዝም በይ። ፊሽካ የለም።»

በራችን ተደበደበ። «ጋሼ መንግሥቱ! በአላህ ይክፈቱ! የጋሼ ደምሰው ሱቅ ተያይዟል፣ ፊሽካው እዚያው ውስጥ ነው!»

አባቴ እጁን አፌ ላይ አድርጎ በጆሮዬ «ሌቦቹ ልጅቷን ከፊት አስቀድመዋት ነው» አለኝ። ጨለማው ውስጥ እስከ ጣራ የተቆለለው ወረቀት በአራቱም ወገን ከቦናል፤ በበሩ ሥር ጣፋጭነት ያለው፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ መግባት ጀምሯል። ውጭ ያለው ድምፅ ቀጣዩን በር፣ ከዚያም ቀጣዩን ለመነ። ከዚያ ጠፋ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ መርካቶ ውስጥ በቀን ሰምቼ አላውቅም።

ጸጥታውን የሰበረው ጣራው ነው። መጀመሪያ ፈጣን ቀላል እርምጃ መጣ፤ አባቴ ቀና እንኳ አላለም። እርምጃው ቆመ። እሷ እላይ ቆማ ምን እንዳሰበች ያኔ አልገባኝም። እንደገና ሲጀምር ግን ሌላ ነበር፤ አንዴ ዷ፣ ቀጥሎ እየተጎተተ የሚፋቅ። ዷ፣ ፍቅቅ። ዷ፣ ፍቅቅ። የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። «ይማም…» አለና አማትቦ መቀርቀሪያውን ነቀለው።

እርምጃው ባለፈባቸው ጣራዎች ሥር በሮቹ አንድ በአንድ ተከፈቱና ሰው ሁሉ ወደ አውቶቡስ ተራ በኩል ይሮጥ ጀመር። አባቴ ተሸክሞኝ ሲሮጥ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ አየሁ። የጋሼ ደምሰው ሱቅ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሰዓዳ በባዶ እግሯ፣ አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና፣ ደህናውን እግሯን እየጎተተች ወደ ጭሱ ትሄዳለች፤ በዚያ በኩል ገና ያልተከፈቱ በሮች ነበሩ። እነሱም ተከፈቱ። ከዚያ ጭሱ ዘጋትና ቆርቆሮው ሲደረመስ ሰማሁ።

ተሸካሚዎች ጎትተው አወጧት። በሕይወት ነበረች፤ የእግሮቿ መዳፍ ግን ለመራመጃ አልተረፈም ሲባል ሰምቻለሁ። ሐኪም ቤት ሄጄ ልጠይቃት ብዬ ብለምናቸው፣ አክስቷ ከወሎ መጥታ ወስዳታለች አሉኝ።

ከተራው ሰው አንድም አልሞተም። የእሳቱ ወሬ ግን ወዲያው ቅርጽ ያዘ፤ ይማም ከመቃብር ተነስቶ አዳነን ተባለ። ጋሼ ደምሰው ሳይቀሩ፣ በቦታው ሳይኖሩ፣ እየማሉ ይናገሩት ነበር። ለጋሼ ይማም ነፍስ ትልቅ ሰደቃ ወጣ፤ አባቴም ለገብርኤል ስለት አገባ። እኔ ሰዓዳ ናት፣ በዓይኔ አይቻታለሁ ስል፣ «ደንግጣ ነው፣ ጸበል ውሰዷት» ተባለ። ገብርኤል እንዳዳነን ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን መልአኩ ለዚያ ቀን የመረጠው የአንዲት ልጅ እግር ነበር፤ ያ እግር ተቃጥሏል።

አሁን በተራው ቦታ ፎቅ ቆሟል ይላሉ። አባቴ አርጅቷል፤ በስልክ ለልጄ ያንን ቀን ሲተርክላት ድምፁ ይታደሳል፣ እሷም አፏን ከፍታ ታዳምጠዋለች። በቀደም ዕለት ስልኩን ተቀብዬ፣ «አባባ፣ ጣራው ላይ የነበረችው ሰዓዳ ናት» አልኩት። «የይማም ልጅ? እሷም ነበረች እንዴ?» አለኝ። አልተቆጣሁትም። ልጄን ግን አስቀምጬ እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳት።

ማታ ማታ ከጸሎቴ መጨረሻ ላይ ሰዎቼን በስማቸው እጠራለሁ፤ በመጀመሪያ ሕያዋኑን፣ ቀጥሎ ያረፉትን። ሌሎቹን ሁሉ በክርስትና ስማቸው ነው የምጠራቸው፤ ሰዓዳ ግን ክርስትና ስም የላትም፣ በሕይወት ትኑር አትኑር የሚነግረኝም አላገኘሁም። ከየትኛው ወገን እንደማደርጋት ስለማላውቅ፣ ሕያዋኑን ጨርሼ ሙታኑን ሳልጀምር፣ መሐል ላይ ብቻዋን እጠራታለሁ።